ቃሪያ ለብቻው

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ መቶ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውሃ ማክሰኞ ይመጣል፣ መብራት ራሱ ነው የሚያውቅ።
ከመስኮቴ ማዶ ጤፍ ይዘራ ነበር፤
ዘንድሮ ብሎኬት፣ አሸዋና ጠጠር።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጾም የለም። ፀዳለ ክሊኒክ ውላ
ሁለት ታክሲ ተጋፍታ፣ በባጃጅ ተንገላታ
ትገባለች ማታ።
እኔ ሥራ ካቆምኩ ይኸው ሰባተኛ ወሬ፤
ማጀት ይዣለሁ፤ ምንድነው ነውሬ?

የልኳንዳው ልጅ አንድ ኪሎ ሁለቴ ፈጨልኝ፣ ከነጮማው፤
«አንጀትም ጨምርልኝ፣ ታጥቦ የጸዳ፤ ለቋሊማ ነው።»
ሳቀብኝ። «ቋሊማ ደግሞ ምንድነው?
ሶሴጅ በል፤ ሱፐርማርኬት ሞልቶልሃል፣ ታሽጎ በፕላስቲክ።»
ዝም አልኩት። ከየት ልጀምርለት የቪንሰንትን ታሪክ?

የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ድርጅት ነበር፤ እሱ አለቃ፣
ቀን ድንጋይ የሚበሳ፣ ማታ መጥበሻ ይዞ የሚነቃ፤
አባቶቹ ከጣልያን በመርከብ ኒው ጀርሲ የወረዱ፣
ጥብሱን ግን ከነመጥበሻው ይዘው የሄዱ።
ጎዴ፣ ካምፕ ውስጥ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር
ሽንኩርት ያስከትፈኝ ነበር፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ እየቆጠረ በጣልያን ቁጥር።
አማርኛው ሦስት ቃል ነው፦ «ውሃ»፣ «ነገ»፣ «በርበሬ»።
ቃሪያ ሳሳየው «በርበሬ»፤ ቁንዶውም «በርበሬ»፤ ሚጥሚጣም «በርበሬ»፤
ባገሩ ቋንቋ ለሁሉም አንድ ስም ነው ያለው፣
ቀሪውን ምላስ ይለየው።
ቃሪያው መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ ማንኪያ ካነሳሁ
«ነገ!» ይላል በቁጣ፤ «ቆይ» ማለቱ ነው። ቆየሁ።
ጠርዙ ጠቆር ሲል፣ ጣፋጩ ሲወጣ፣
ያኔ ብቻ ነው ማንኪያ የሚመጣ።

እንግዲህ እንስላል፣ ነጭ ሽንኩርት ሰባት ፍሬ፣
ጨው፣ በሶብላ፣ ቁንጥር በርበሬ
(ይሄኛው የእውነቱ፣ የኛ በርበሬ)።
የሃይላንድ አንገት ቆርጬ፣ አንጀቱን አፉ ላይ ወጥሬ
ሥጋውን በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤
ሁለቱ ፈነዱ፣ አንዱን ጠማማ ቋጠርኩት፣
ስድስቱ ደህና ወጡ።

ስቶቩ ላይ ጎናቸው ቀላ ማለት ሲጀምር
ድርግም! ከታች እስከ ጣራ ብሎኩ «ኤጭ!» ሲል ሰማሁ፤
የከሰል ምድጃዬን ይዤ ኮሪደር ላይ ወጣሁ።
በካርቶን ሳራግብ የጎረቤት በር ተከፈተ፤
በስልክ መብራት አንድ ፊት፣ ከሥሩ ሌላ ትንሽ ፊት።
«ምንድነው እንዲህ የሚያውደው?» «ቋሊማ ነው፣ ሐሊማ።»
ሁለታችንም ሳቅን፤ ቤት መታልን ሳናስብማ።

ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤
በረመዳን የምስር ሳምቡሳ ለብቻ ጠብሳልን
ስታንኳኳ፣ «የናንተን ሥጋ አልነካውም» ስትለን
እኔም እንዲሁ ዝም ብዬ ሳህኑን ተቀብያለሁ።
«ቃሪያውን ገና አልጠበስኩትም፤ ለብቻው ይሆናል» አልኩ።
መጥበሻዬን አየች፣ በስብ የሚያብለጨልጨውን፤
ገብታ የራሷን ይዛ መጣች፣ እጀታው የተሰበረውን።

ቀይ ቃሪያ፣ አረንጓዴ፣ ሽንኩርት በቀለበት፣
በሐሊማ መጥበሻ፣ በሐሊማ ዘይት።
ቋሊማው እዚህ ይፈጫል፣ ቃሪያው እዚያ ይንጫጫል፣
በመካከል አንዋር፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ያፈጣል።
ማንኪያውን ሊነካ እጁን ሲሰድ «ነገ!» አልኩት፤
ደንግጦ እናቱን አየ፤ «ቆይ ማለት ነው» ብዬ ተረጎምኩለት።

ፀዳለ ሁሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች፤
ዛሬ አልቆመችም። መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣
ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤
ሁለቱን መጥበሻ አየች፣ ምንም አልጠየቀች።
ዳቦ ገመስን። ለነሱ ቃሪያው፣ ለኛ ሁለቱም።
ቪንሰንት ቢያይ በቁጣ ይጮህ ነበር፣ አውቃለሁ፦
ቃሪያው የቋሊማውን ስብ ካልጠጣ ምኑን ጠበስከው እያለ።
ይጩህ።

መብራት መጣ። «መጣ!» አለ ብሎኩ፣ ፉጨትም ተሰማ።
አንዋር ብቻ «ኤጭ!» አለ፣ አፉን ሞልቶ፤
ማንም ሊነሳ አላሰበማ።
«ጨው አንሶታል» አለች ፀዳለ፣
ሦስተኛውን አንስታ።